ቁርጥማት ሲነሣብን
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ተቀምጠን በመናገራችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ንቀት አይደለም፤ የጉልበት ነገር ሆኖብን ነው። የምንናገረውም ስለዚሁ ነው። እኛ ስንልም በዚህ ሰፈር የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለብንን ሰዎች፣ ወንዱንም ሴቱንም ማለታችን ነው።

እንደሚታወቀው እድርተኛ ጡሩምባ ሲነፋ ይወጣል። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ቀብር ይሄዳል። እኛ ግን አንድ ቀን መጥተን ድንኳን እንተክላለን፤ በሳምንቱ ደግሞ ከአልጋ መውረድ ያቅተናል። ይህን ያየ ሰው «ትናንት ገበያ ሲሄድ አይተነው የለም እንዴ? ሥራ ሲመጣ ነው የሚያመው» ይላል። ቢልም አይፈረድበትም። በሽታው ራሱ እንደዚያ ነው፤ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይተኛል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ቢቀር ማታለል አለመሆኑን ነው ልናስረዳ የመጣነው።

ቁርጥማት ሲባል ዓይነቱ ብዙ ነው። በዕድሜ ብዛት መገጣጠሚያ አልቆ የሚመጣው ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ሪህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌሊት የእግርን አውራ ጣት በድንገት ይይዛል። የእኛው፣ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት፣ ከሁለቱም ይለያል። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሳችንን መገጣጠሚያ ያጠቃል፤ ዘበኛ የቤቱን ጌታ ሌባ መስሎት እንደሚደበድብ ማለት ነው። ስለዚህ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይግላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ይይዛል። ጠዋት ስንነሣ ጣታችን አልታጠፍ ይላል፤ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ ይቆያል። ድካሙም ሌላ ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል እንጂ በሽታውን ያመጣው ብርድ አይደለም። እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ታዲያ ሲነሣብን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያበጠውን መገጣጠሚያ እናሳርፈው። ማሳረፍ ማለት ግን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ አይደለም። በቀን ጥቂት ጊዜ በዝግታ እንጠፈው፣ እንዘርጋው፤ አለዚያ እዚያው ይደርቃል። ለጠዋቱ ድርቀት ሞቅ ያለ ውሃ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍልውሃ ዙሪያ አይደል? እዚያ ታጥቦ የወጣ ሰው የሚያገኘው እፎይታ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ያፍታታል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። ለጋለና ላበጠ መገጣጠሚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል። ያበጠ መገጣጠሚያ በኃይል አይታሽም፣ በእሳትም አይተኮስም።

ሁለተኛ፣ በመድኃኒት ነገር እንጠንቀቅ። ጎረቤትን የተሻለውን ኪኒን ተውሶ መዋጥ ልማድ ሆኗል። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፤ ሲበዙ ግን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ አገር ዶክተር ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት በዚህ በሽታ አልጋ ለያዘች ሴት ሰጧት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ተነሥታ ሄደች። ዶክተሩ በ1950 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ ስኳርና ደም ግፊት እንደሚጨምር ታየ። የዛሬው ፕሬድኒሶሎን የእርሱ ወገን ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደው ሰው ተሻለኝ ብሎ በድንገት ማቆም የለበትም፤ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

በሽታውን ከሥሩ ለመግታት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት ለእኛ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። አደራ! በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። ውጤቱም እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ በአሥር ቀን ተስፋ ቆርጦ መጣል አይገባም። ደምና ጉበት በየጊዜው መመርመር አለበት። ያረገዘች ሴት ፈጽሞ አትወስደውም።

ሦስተኛ፣ መዝገብ እንያዝ። እኛ በጸሐፊነት የኖርን ሰዎች ያልተጻፈ ነገር እንደሚጠፋ እናውቃለን። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንዳበጠ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደደረቀ፣ ምን እንደዋጥን እንጻፍ። መጻፍ ያቃተው ልጁን ያስጽፍ። ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ያመኛል» ከማለት ይህን ማሳየት ይበልጣል።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ቢግልና ቢያብጥ፣ ትኩሳትም ቢኖር፣ የለመድነው ነው ብለን መተኛት የለብንም። ጀርም ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እድራችን እንመለስ። ከመዋጮው ነፃ አድርጉን አንልም። ቅጣትም ይቅር አንልም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሽታው የተነሣበት አባል ጠዋት ሰው ልኮ ካሳወቀ በዚያን ቀን መቅረቱ እንደ ሕመም ይቆጠርለት፤ ሳያሳውቅ የቀረ ግን እንደ ማንም ይቀጣ። ሁለተኛው፣ መምጣት እየቻለ መሸከም ላቃተው ተቀምጦ የሚሠራው ይሰጠው፤ የመጣውን አባል መመዝገብ፣ መዋጮ መቀበል፣ የእድሩን ዕቃ ቆጥሮ ማስረከብ ሁሉ ሥራ ነው። ወንበር መሸከም ያቃተው እጅ እስክሪብቶ መያዝ አያቅተውም፤ እሱም ያቃተው ቀን ዓይን መቁጠር አያቅተውም። ሰው ከለቅሶ ቤት የሚርቀው ስለታመመ ብቻ አይደለም፤ «ምን ልሠራ ልሂድ» ብሎም ነው። ሥራ ካለው ይመጣል።

ሐሳባችንን ለጉባኤው ውሳኔ አቅርበናል።