የአባት ቤት ጣውላ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለምታውቀው ነገር ተናገር ስላሉኝ፣ ሚስማርና ቀለም ሻጭ ነኝና ስለ ጣውላ ወለል እናገራለሁ። ዳበል ላይ ምን የጣውላ ወለል አለ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን አገር ቤት የወላጅ ቤት አለን። ወንድም ይደውልና «ጣውላው አርጅቷል፤ ነቅለን ሴራሚክ እናንጥፍ፣ ገንዘብ ላክ» ይላል። እኛም እንልካለን። ከመካከላችን አንዱ ልኮ፣ በኋላ አገር ቤት ሲገባ የአባቱ ጣውላ ማገዶ ሆኖ አልቆ ደረሰ። የጽድ ጣውላ ነበር።

ጽድ በያቤሎና በአሬሮ ደን የምናውቀው ዛፍ ነው። ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ዛሬ እንደዚያ ያለ ጣውላ ልግዛ ማለት ዘበት ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እንኳ ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን በስም ጠርቶ እንዲጠበቁ ያዘዘው እያለቁ በመሆናቸው ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ጣውላው ሲረገጥ ይሰምጣል ወይ? ከወለሉ ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎችስ ክፍት ናቸው? አይጥ እንዳይገባ ብለው በጭቃ ይደፍኗቸዋል (ወንፊት ሽቦ እያለ!)፤ ከዚያ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጣውላው ከሥር ይበሰብሳል። ካልበሰበሰ ግን ያ ጥቁረት የዘመናት ሰምና እድፍ ነው፤ ይለቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። የላላውን ጣውላ ማጥበቅ፣ የሚስማሩን ራስ ወደ ውስጥ ማስገባት፤ አለበለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ይቀድደዋል። ሰሙን በአኳራጅ ማስለቀቅ። ከዚያ በ40 ቁጥር ወረቀት መጀመር፣ ወደ 80፣ ወደ 120 መሄድ፤ ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ። አናጺው ከ40 ወደ 120 ልዝለል ካለ እምቢ በሉት፤ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ሕፃናት ቤት ውስጥ አይዋሉ። ቫርኒሹን በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ነው፤ የፊተኛው በደንብ ሳይደርቅ ሌላ መደረብ አይገባም።

ናይሮቢ ያላችሁ ልጆች በአሮጌ ቤት የሙሁጉ ፓርኬ ብታገኙ፣ እሱ ከጣውላ ስስ ነው፤ ብዙ አታስልጉት። ሙሁጉም እንደ ጽዳችን እየመነመነ የሄደ እንጨት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለእናቶች። በቫርኒሽ ፋንታ የተልባ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ መልካም ነው። ግን ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። የእንጨት ቤት በእሳት ምን እንደሚሆን በጥር 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ላይ አይተናል። ጨርቁን ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ወይም ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

ጥያቄ ያለው ከምሳ በኋላ ይምጣ።