ስለ እንግዳ አቀባበል በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



የደብራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር ስለ እንግዳ አቀባበል ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። እንግዳን መውደድ መልካም መሆኑን የሚጠራጠር ከመካከላችን የለም። እኔ የምናገረው ግን ፍቅር ብቻውን እንዳይበቃ፥ አስቀድሞ የተሰናዳ ማኅበርም እንዲያስፈልግ ነው።

በአሜሪካ፥ በቴክሳስና በሜክሲኮ ወሰን ላይ፥ ኤል ፓሶ የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በ1970 ዓ.ም. ሩበን ጋርሲያ የሚባል ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋራ፥ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በፈቀደላቸው ቤት፥ መጠጊያ ለሌለው ሰው ማደሪያ ከፈተ፤ ስሙም የብሥራት ቤት ተባለ። ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ የምዕራባውያን የልደት በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፥ የመንግሥት ሹማምንት ከ200 የሚበልጡ ስደተኞችን ከነልጆቻቸው፥ ለማንም ሳያስታውቁ፥ በአውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ለቀቋቸው። በተከታዮቹም ቀኖች ብዙ መቶ ሰው ተጨመረ።

የብሥራት ቤት ሰዎች ግን ሥራውን በዚያ ሌሊት አልጀመሩም። አዳራሽ ያለው የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ፥ ምግብ የሚሠራውና መኪና ያለው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ለእንግዳው ምግብ፥ መታጠቢያና ልብስ ይሰጡት ነበር፤ በአሜሪካ ወዳለው ዘመዱም ስልክ ይደውሉለት ነበር፤ ዘመዱ የመንገዱን ዋጋ ሲከፍል እንግዳው ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። ብዙው ሰው ጥቂት ሌሊት ብቻ ያድር ስለ ነበር፥ አንዱ አልጋ ብዙዎችን ያሳርፍ ነበር።

ይህ ሥርዐት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የእድራችን ሥርዐት ነው። እድር ሰው ከሞተ በኋላ አይቋቋምም። ድንኳኑና ድስቱ በየወሩ በሚዋጣ ገንዘብ ተገዝቶ ይቀመጣል፤ ጥሩንባው ሲነፋም እያንዳንዱ ተግባሩን ያውቃል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለአባል ነው። ስሙ በመዝገብ የሌለ ሰው ከነልጆቹ በደጃችን ቢያድር፥ ድንኳኑን ማን ያወጣል? የአዳራሹስ ቍልፍ በማን እጅ ነው?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን ከእድሮቹ ጋራ ተቀምጦ አንድ መዝገብ እንዲከፍት እለምናለሁ፤ አዳራሹን የሚከፍተው፥ ምጣዱን የሚጥደው፥ የታመመውን ወደ ሐኪም የሚወስደው ማን እንደ ሆነ ይጻፍበት። አባታችን አብርሃም እንግዶቹን ባየ ጊዜ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። የእኛም ድንኳን ከእንግዳው በፊት ይተከል።