አያት ዘንድ የቀረ ቋንቋ

እስቲ «ዶሮ» የሚለውን አንብቡ። ደብረ ታቦር ገበያ ሁልጊዜ የምትጠሩት ይህ ቃል ከአገው ቋንቋዎች መጣ ይላሉ ሊቃውንት።

ከእነዚህ አንዱ ቅማንትኛ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ከጎንደር ወዲያ በጭልጋ ይነገራል። በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ቅማንት ነን ያሉት ከ170,000 በላይ ነበሩ። አፋቸውን በቅማንትኛ የፈቱት ግን 2,000 እንኳ አልሞሉም። ለምን? በገበያውም በትምህርት ቤቱም የሚሰማው አማርኛ ነው። በቋንቋው የተናገረ ይሳቅበት ነበርና ወላጅ ለልጁ ማውራቱን ተወ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። የአገው ቋንቋ ግን አንድም አልነበረበትም። ኋላ በሰቆጣ በኽምጣንግኛ፣ በእንጅባራ በአዊኛ ልጆች መማር ጀመሩ። የሚጽፉትም በዚሁ እናንተ በለመዳችሁት ፊደል ነው።