ጀሪካኑና ለስላሳው ጠርሙስ



አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ስንማር «ይሄ ለሐኪም ምን ያደርግለታል?» ያላለ አለ? መልሱን ያገኘሁት ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ነው። ውኃ የሚቀዳበት ጀሪካንና የክሎሪን ውኃ የምንረጭበት ለስላሳ ጠርሙስ ሁለቱም ፖሊኢትሊን ናቸው። የሚለያቸው ቅርንጫፍ ነው። ለስላሳው በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በተገኘው ዘዴ፣ በከፍተኛ ግፊት፣ በፍሪ ራዲካል ይሠራል። ራዲካል ደግሞ ዐርፎ አይቀመጥም፤ ወደ ገዛ ሰንሰለቱ ዞሮ ሃይድሮጂን ይነጥቅና እዚያው አጭር ቅርንጫፍ ይበቅላል። ከሌላ ሰንሰለት ከነጠቀ ረጅም ቅርንጫፍ ይወጣል። ከነቅርንጫፉ የተቆረጠ እንጨት ተጠጋግቶ ይታሰራል እንዴ? አይታሰርም። ይሄም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ይለሰልሳል፣ 110 ዲግሪ አካባቢም ይቀልጣል። ጀሪካኑ በካታሊስት የተሠራ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ስለሆነ እስከ 130 ገደማ ይቆያል።

አውቶክሌቭ ስንት ነው? 121! ለስላሳውን ከመቀሶቹ ጋር ብትከቱት ቀልጦ መቀሶቹ ላይ ይጋገራል። በኮሌራ ሰሞን፣ ምትክ ከሩቅ በሚመጣበት አገር፣ ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ጀሪካኑ ባይቀልጥም ይጣመማል፤ እኔ አልሞክረውም። ለተለማማጆቼ የምላቸው «ገልብጣችሁ ቁጥሩን እዩ» ነው፦ 4 ለስላሳው፣ 2 የጀሪካኑ ዓይነት፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን። ወደ አውቶክሌቭ የሚገባው 5 ቁጥር ነው።