እንግዳም ነዋሪም ያልተባለ ሰው፦ የጎዳና ላይ አገልግሎትና መብት በሰቆጣ



በዋግ ኽምራ ደጋ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም ከየት እንደ መጣ ሳይመረምር ያስገባዋል፤ ካለውም ያቀምሰዋል። ልማዱ ግን ወሰን አለው፤ እንግዳ ሲነጋ ይሄዳል። የዛሬው ንግግሬ ሲነጋ የሚሄድበት ስለሌለው ሰው ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ አምጥቷል። ከፊሉ በመጠለያ፣ ከፊሉ በዘመድ ቤት ተጠጋ። ዘመድ የሌለው ወይም የዘመዱ ጎተራ የተሟጠጠበት ደግሞ በሱቅ በረንዳና በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ማደር ጀመረ።

በአንድ የጥቅምት ሌሊት ብርድ ልብስ ከሚያድሉ ሁለት ወጣቶች ጋር ከተማዋን ዞርሁ። አንዲት አሮጊት እናት ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተኝተው አገኘን። አንደኛው ወጣት በአማርኛ ቢጠይቃቸው ዝም አሉ። ሁለተኛዋ «እናቴ» ብላ በኽምጣንጛ ስታናግራቸው ግን ቀና ብለው ተቀመጡ። እግራቸው ቆስሏል። ለሕክምና ሲሄዱ የጤና መድን ደብተር ተጠየቁ፤ ለደብተሩ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው የቤት ቁጥር አስፈለገ። የቤት ቁጥር የሚለጠፈው በር ላይ መሆኑን፣ እርሳቸው ግን በር እንደሌላቸው ነገሩን። ብርድ ልብሱን መርቀው ተቀበሉ። እኛም የቁስሉን ነገር እዚያው ትተን ሄድን።

ሕጋችን ስለ እኚህ እናት ዝም ብሏልን? አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ተፈናቃይን ሲተረጉም በመጠለያ ጣቢያ መኖርን መስፈርት አያደርግም፤ በአንቀጽ 13ም ተፈናቃዮችን መዝግቦ ሰነድ መስጠትን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችሁን የምሻው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 175 ላይ ነው። ለጊዜው ማረፍ ብቻውን ሰውን የቦታው ነዋሪ አያሰኘውም፤ ቆይታው ከ3 ወር ካለፈ ግን በዚያ ቦታ መኖሪያ እንዳለው ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ ድንጋጌው የሚቆጥረው ጊዜን እንጂ በርን አይደለም። ክረምቱን በሙሉ በሰቆጣ በረንዳ ያሳለፈ ሰው በዚህ ሕግ ዓይን የሰቆጣ ነዋሪ ነው። ልማዳችን እንግዳን ከሚሸኝበት ሕጉ ነዋሪን ይቀበላል። በሁለቱ መካከል የጎደለው ይህን ቆይታ የሚመሰክር ወረቀት ነው።

ስለዚህ የጎዳና ላይ አገልግሎት ከዳቦና ከብርድ ልብስ ጋር ምስክርነትንም ይዞ መውጣት አለበት እላለሁ። ሠራተኛው በሌሊት ይውጣ፤ ቀን ቀን በረንዳው ባዶ ነውና። የሰውየውን ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን። ስሙንና ማደር የጀመረበትን ወቅት ይመዝግብ፤ የሱቁን ዘበኛ፣ ቡና የምታፈላዋን፣ የደብሩን አገልጋይ ለምስክርነት ይጥራ። ከዚያም አብሮት ወደ ቀበሌ ይሂድ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ከአማራ ክልል ያቀፈው ደሴን ብቻ ነበር። እንደ ሰቆጣ ያሉ ከተሞች ትልቅ ፕሮጀክት እስኪመጣላቸው ሳይጠብቁ ይህን ሊጀምሩ ይችላሉ።

አንድ ስጋት ግን አለኝ፤ ላድበሰብሰውም አልሻም። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ድህነትን ብቻውን ወንጀል አያደርግም፤ ሌሎች የተዘረዘሩ ድርጊቶችንም ይጠይቃል። ነገር ግን ተጠርጣሪውን የዋስ መብት ይነፍገዋል። በከተሞቻችን አፈሳ ያየ ሰው ስሙ ሲመዘገብ ቢሸሽ አይፈረድበትም፤ ለመርዳት የተጻፈ ዝርዝር ለማፈስ ሊውል ይችላልና። ስለዚህ መዝገቡ በማኅበራዊ ጉዳይ ወይም በጤና ባለሙያ እጅ ይቀመጥ፤ ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ለማንም አይተላለፍ። መመዝገብ ያልፈለገም ብርድ ልብሱን አይከልከል።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፤ ቋንቋችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቃሉ ከእኛ እኩል ያደርገዋል፤ የቀበሌው መዝገብ ግን ገና አላወቀውም። እኚያን እናት ወደ ቀበሌ የሚያደርስ አንድ ገጽ ማመልከቻ ከእናንተ ማንም ሊጽፍ ይችላል። እኔ በዚያ ሌሊት አልጻፍሁላቸውም፤ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።