ወረፋን በሒሳብ ያጠኑት ፕሮፌሰር

እሷ፦ የዛሬው ጉዳያችን የጆን ሊትል የምሁርነት ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬት ይዘው፣ ዕድሜያቸውን ግን ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ለተባለው፣ ወረፋንና ውሳኔን በሒሳብ ለሚያጠናው መስክ ሰጡ።

እሱ፦ ከፊዚክስ ወደ ወረፋ ጥናት? ቁልቁል መውረድ አይመስልም?

እሷ፦ እኔ አይመስለኝም። የመመረቂያ ጥናታቸውን እይ፤ ስለ ኃይል ማመንጫ ግድብ ውሃ ነው። ነገ ምን ያህል ውሃ እንደሚገባ ሳይታወቅ ዛሬ ምን ያህል ይለቀቅ? እርግጠኛ ባልሆኑበት ነገር ላይ በስሌት መወሰን፣ የሙያው ልብ ይኸው ነው። በ1961 ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን ሕግ አረጋገጡ፦ በአንድ ቦታ የሚገኘው አማካይ የሰው ብዛት፣ የአመጣጡ ፍጥነት በአማካይ ቆይታው ሲባዛ ነው። በሰዓት 20 ታካሚ የሚመጣበት፣ እያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ክሊኒክ በአማካይ 10 ሰው ይኖረዋል።

እሱ፦ እሺ፣ ግን ሰው እኮ እኩል አይመጣም። ጠዋት ይጨናነቃል፣ ከሰዓት ጭር ይላል።

እሷ፦ ትልቅነቱ እዚያ ላይ ነው! ሕጉ አመጣጡ ምን እንደሚመስል፣ ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ አይጠይቅም። አማካዮቹ በረጅም ጊዜ ከረጉ ይሠራል።

እሱ፦ አማካይ ግን አምስት ሰዓት ሙሉ የጠበቀችውን እናት ይደብቃል።

እሷ፦ በዚህስ ልክ ነህ። ለዚያ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጆን ኪንግማን በዚያው በ1961 እንዳሳዩት፣ አገልግሎት ሰጪው ፋታ እያጣ ሲሄድ የአመጣጡ መዋዠቅ ጥበቃውን እጅግ ያስረዝመዋል።

እሱ፦ ሠራተኛ ለአፍታ ካረፈ ብክነት ነው የሚሉ ኃላፊዎች ይስሙ።

እሷ፦ ይስሙ! ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎችም ይህን መስክ ከምርጫችሁ አስገቡት።