«መጠጡን ይተዉና ይምጡ»፦ ሱስ ላለባቸው የቀድሞ ወታደሮች የሚሰጥ የቡድን ሕክምና



ንግግሬን በአንድ ጥፋት ልጀምር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ የቀድሞ ወታደር እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏቸው ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። አፋቸው አረቄ ይሸት ነበር። ቁስሉን አጥቤ አሸግሁና፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ መጠጡን ይተዉና ይምጡ፤ ያኔ በደንብ እናክምዎታለን» አልኋቸው። አመስግነው ወጡ፤ ተመልሰው ግን አልመጡም። ያን ጊዜ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ቆይቼ ስመረምረው ግን ያደረግሁት በር መዝጋት ነበር። ለመታከም አስቀድሞ መዳን ያስፈልጋል የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር ያስቀመጥሁባቸው።

ይህን ቅድመ ሁኔታ በሰፊው ለማንሣት ከሞከሩት ተቋማት አንዱ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ የእርሱን ልምድ የማቀርብላችሁ እንዳለ እንድንቀዳው አይደለም፤ የሕክምናው አደረጃጀት ራሱ ሕመምተኛን እንዴት እንደሚያስገባና እንዴት እንደሚያስቀር በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሱስ ያለንን ግምት እንፈትሽ። ሊ ሮቢንስ የተባሉት የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ በሴፕቴምበር 1971 ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትለው አጥንተዋል። ከወታደሮቹ አምስት አንዱ ያህል በጦር ሜዳ ሳሉ የሄሮይንና የመሰል አደንዛዥ ዕፆች ሱሰኛ እንደነበሩ ተናግረዋል። ከእነዚህ ውስጥ በተመለሱ በሦስት ዓመት ጊዜ እንደገና በሱስ የተያዙት ግን 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ «ሱስ ቀላል ነገር ነው» ማለት ስሕተት ነው። ወታደሮቹ ጦርነቱንና የዕፁን ገበያ ትተው ከቤተሰብና ከሥራ ጋር የተገናኙ ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ የሚያስተምረን ሱስ በግለሰቡ ፈቃድና በዕፁ ኃይል ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን፣ ሰውየው የሚኖርበት ሁኔታም ከባድ ድርሻ እንዳለው ነው። ታዲያ ቤት አጥቶ፣ ከቤተሰብ ተለያይቶ፣ በሌሊት ቅዠት እየተሠቃየ ጎዳና ላይ የሚያድር የቀድሞ ወታደርን «ትተህ ና» ስንለው፣ ለመተው የሚያስችለውን ነገር ሁሉ ባጣበት ሰዓት መሆኑን ልናስተውል ይገባል።

ወደ አደረጃጀቱ ልመለስ። መሥሪያ ቤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናውን በቡድን ማደራጀት ጀመረ። ትንሹ ቡድን አራት ሰዎች አሉት፤ አንድ ሐኪም ወይም የሐኪምን ያህል ኃላፊነት ያለው ነርስ፣ አንድ የክትትል ነርስ፣ አንድ ረዳት ባለሙያና አንድ የመዝገብ ሠራተኛ። ለአንድ ሙሉ ቡድን 1,200 ያህል ታካሚዎች ይመደባሉ። የመድኃኒት ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የአእምሮ ጤና ባለሙያም ቡድኑን ያግዛሉ።

ይህ ለብዙኃኑ ጥሩ ሥርዓት ነው። ሆኖም የተሠራው ስልክ ላለው፣ አድራሻ ላለውና ቀጠሮ ለሚያከብር ሰው ነበር። መጠለያ የሌለው ሰው ቀጠሮ ያሳልፋል፤ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው «ሕክምና አይከታተልም» ተብሎ ይመዘገባል፤ በመጨረሻ የሚገኘው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠለያ ለሌላቸው የቀድሞ ወታደሮች የተለዩ ቡድኖች ተቋቋሙ። እነዚህ ቡድኖች ያለ ቀጠሮ የመጣን ይቀበላሉ፤ በየቦታቸው እንደ አቅማቸው ምግብ፣ ልብስና መታጠቢያ ከሕክምናው ጋር ያቀርባሉ፤ የቤት ጉዳይም እንደ መድኃኒት ማዘዣ ሁሉ የቡድኑ ሥራ ነው። በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲም ሱስ ላለባቸው ተጋላጭ የቀድሞ ወታደሮች በዚሁ መንፈስ የሚሠራ ቡድን ተደራጅቷል።

የቡድኑ ጥቅም በተግባር የሚታየው ሥራው ሲከፋፈል ነው። ሐኪሙ የደም ግፊቱንና የጉበት ሕመሙን በሚያክምበት ክፍል የኦፒዮይድ ሱስን በቡፕረኖርፊን፣ የአልኮል ሱስን በናልትሬክሶን ማከም ይችላል። ቀደም ሲል በአሜሪካ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ግዴታ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሕግ ተነሥቷል። የመድኃኒት ባለሙያው መጠኑን ያስተካክላል፤ ነርሷ የቀረውን ታካሚ ትፈልጋለች፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ቤት ያፈላልጋል። ራሱ ወታደር የነበረና ከሱስ ያገገመ የአቻ ድጋፍ ሰጪ ደግሞ እኛ ሐኪሞች ልንናገረው የማንችለውን ይናገራል፤ «እኔም እዚያው ነበርሁ» ይላል። ዕፁን ገና ላላቆመውም ቢሆን በኦፒዮይድ ብዛት የቆመን ትንፋሽ የሚመልሰው ናሎክሶን ይሰጠዋል፤ የሞተ ሰው ማገገም አይችልምና።

ውጤቱስ? ስለ መጠለያ አልባዎቹ ቡድኖች በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ፣ ታካሚዎቹ ከመመዝገባቸው በፊትና በኋላ የነበሩት ስድስት ስድስት ወራት ሲነጻጸሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ በ19 በመቶ፣ ሆስፒታል መተኛት ደግሞ በ35 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ሰው ወደ እንዲህ ያለ ቡድን የሚገባው ብዙውን ጊዜ በከፋበት ወቅት ነው፤ ከከፋ ወቅት በኋላ ያለ ሕክምናም የተወሰነ መሻሻል ሊታይ ይችላል። እንዲሁም በአሜሪካ በአንድ ሌሊት ቆጠራ መጠለያ አልባ ሆነው የተገኙ የቀድሞ ወታደሮች በ2010 እ.ኤ.አ. ከ74,000 በላይ ነበሩ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከ33,000 በታች ሆነዋል። ለዚህ ግን ትልቁን ምስጋና ልንሰጥ የሚገባን ለቤት ኪራይ ድጎማው ይመስለኛል። ክሊኒክ ብቻውን ቤት አይሠራም።

ሌላም ተገቢ ተቃውሞ አለ። ልዩ ቡድን ሲቋቋም ሌሎቹ ሐኪሞች «አስቸጋሪ» የሚሉትን ታካሚ ሁሉ ወደዚያ ይልካሉ፤ ቡድኑ ይደክማል፤ የቀረው ተቋም ምንም ሳይማር ይቀራል። እኔ ልዩ ቡድኑን የምደግፈው እንደ ድልድይ ነው። ሰውየውን አጽንቶ ወደ ተራው ክሊኒክ ሊመልሰው፣ ተራውን ክሊኒክም እርሱን እንዲቀበል ሊያስተምረው ይገባል።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው አገር ነው» የምትሉ አትጠፉም። እውነት አላችሁ፤ የቤት ድጎማውም ሆነ የባለሙያው ብዛት የለንም። ነገር ግን ከዘረዘርኋቸው ነገሮች መካከል አንዱ ገንዘብ አይጠይቅም። እኒያ አባት በመጡ ዕለት የነበረን አንዲት ነርስ፣ አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛና እኔ ብቻ ነበርን። «ነገም ይምጡ፣ ጠጥተውም ቢሆን ይምጡ፤ ቁስሉን ሲስተር ታጥብልዎታለች፣ ካርድዎን እናቆይልዎታለን፣ ስለ መጠጡም ቀስ ብለን እንነጋገራለን» ለማለት ሦስታችንም እንበቃ ነበር። ያም ቢሆን ቡድን ነው።

ስማቸውን ዛሬ አላስታውሰውም፤ በካርዱ ላይ «ይመለሱ» ብዬ አለመጻፌን ግን አስታውሳለሁ። እናንተ ጻፉ።